ምትና ፀዳል

«ባሏ ሞተ ሳይባል ሚስት ከቤት ልትወጣ ነው? ኧረ እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን!» አሉ አባ መርስዔ ኀዘን፣ ከመጋረጃው ወዲያ። ገና በደንብ አልነጋም። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ጫማዬን አድርጌ ሌላውን በእጄ እንደያዝሁ ቀረሁ። እማማ አገርነሽ፣ የባሌ እናት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝም ይበሉ አባ፣ ትሰማለች» አሉ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የአባን ሳል ብቻ ነው። የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ባሏ ሞተ ያልተባለ ሚስት የለችም። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሦስተኛውን እንደሚታረድ በግ ሲማከርበት መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ወጥቼ «ምን አገባዎ?» ልላቸው ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን አባ የእማማ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ የሚያገለግሉ፣ ከተማ ሲመጡ እኛ ዘንድ አድረው በማግሥቱ በጀልባ የሚመለሱ ሰው። ለቄስ እንዲያ አይባልም። ሁለተኛውን ጫማዬን አደረግሁ።

የምንኖረው ሹም አቦ ሠፈር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ይባላል እንጅ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን በአበባማ ጨርቅ ከፍለነዋል። ወዲያ የእማማ አልጋ፣ የውሃው በርሜል፣ ሬዲዮኑና የክንዱ ፎቶግራፍ አለ። ወዲህ የእኔ አልጋ፣ ሳጥኔና በሦስት ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ልብሴ አለ። አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን እንሰማለን። ክንዱ ባሌ ነው። ወደ ሰሜን ከዘመተ አምስት ዓመቱ፣ ደብዳቤው ከቆመ አራት ዓመቱ። ሞተም አልተባለ፣ ተማረከም አልተባለ። ከደመወዙ የሚቆረጠው ግን ለእናቱ በየወሩ ይመጣል፤ ገንዘቡ እስከመጣ ድረስ ሰውየው አለ ማለት ነው፣ እኔም ሚስት ነኝ ማለት ነው። ሠርግ ቤት ሄጄ ብስቅ «ባሏ ዘማች ሆኖ ጥርሷ አያርፍም» ይሉኛል፣ ጥቁር ብለብስ «በቁሙ ልትቀብረው ነው» ይሉኛል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። እውነቱን ልናገር? የክንዱን ድምፅ ረስቼዋለሁ። ፎቶውን ባየው ባየው ድምፁ አልመጣ አለኝ፤ ይኽን ደግሞ ለማን ይነግሩታል?

እኅቴ ፀሐይወርቅ አዲስ አበባ ነው ያለች፤ በአንድ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። በሚያዝያ ወር ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ማኅበሩ አንድ አባል ሊጨምር ነው፤ አባሏ ግን የራሷን የስፌት መኪና ይዛ መምጣት አለባት፤ ቀኑም እስከ ሰኔ አንድ ነው። ያገለገለ መኪና መርካቶ በአራት መቶ ሃያ ብር አግኝታልኛለች። «ነይ፣ አልጋዬ ሁለት ሰው ያስተኛል» ትላለች። እኔ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሰባ ሦስት ብር ነው ደመወዜ፤ አራት መቶ ሃያ ብር ከየት ይመጣል? ለእኔ ጣናን በእግር መሻገር ማለት ነው። ያለኝ አንድ ነገር የምኒልክ ብር ነበር። አያቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በወጣትነታቸው በቅኔ የተሸለሙት ነው። ሲሸለሙ በሐር ጠቅልለው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት፣ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣ፣ ከሌላ ብር ጋር አልተጋጨ፣ የሰው እጅ አልነካው። ሲሞቱ ዳዊቱ ለአጎቴ ልጅ ሆነ፣ ለሴት ልጅ ዳዊት ምን ያደርግላታል ተብሎ ብሩ ለእኔ ደረሰ። ያን ጊዜ አልቅሼ ነበር፣ ዳዊቱን ነበር የፈለግሁ። ብሩ ከዓመታት ብዛት ጠቁሮ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መሳይ ሆኗል። ሊገዛው የፈለገ ሰው ማግኘቴን ለእማማ አልነገርኋቸውም። «ፖሊቴክኒኩ የጥንት ዕቃ ኤግዚቢሽን አለው፣ ፈረንጆቹም ያዩታል፣ ቅዳሜ ወስጄ አሳያቸዋለሁ» አልኋቸው። ያን ጊዜ የኤግዚቢሽን ጋጋታ ስለነበረ ውሸቴ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልከበደኝም። አባ ጠዋት የተቆጡትም ስለዚሁ ኤግዚቢሽን መስሎኝ ነበር።

ሳጥኔን ከፈትሁ፣ ሐሩን ሳልፈታ በመሀረብ ቋጠርሁት፣ በጡቴ መካከል ሸጎጥሁት። ወጣሁ። አባ ዐይኔን ሳያዩ መስቀል አሳለሙኝና ጋቢያቸውን ይዘው ወደ ጀልባቸው ሄዱ። እማማ ሻይና ትናንት የተጋገረ ዳቦ አቀረቡልኝ። ቆመው አዩኝ፤ ሌላ ቀን «ቶሎ ብለሽ ብይ፣ ያመልጥሻል» እያሉ የሚያቻኩሉኝ ሴትዮ ያን ቀን አላቻኮሉኝም። ያ መጋረጃ ቀን ቀንም ቢሆን በመሀላችን ያለ ይመስለኛል። «ዛሬ ነው የምታሳያቸው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ዛሬ ነው» አልሁ። «እንግዲህ ይቅናሽ» አሉ። የኤግዚቢሽን ሰው ይቅናሽ አይባልም፣ ግን አባ ላይ ቆሽቴ አርሮ ስለነበር ልብ አላልሁትም። ዳቦውን ግማሹን ትቼ ወጣሁ።

ፈረቃዬ ከአሥራ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ፈትል ክፍል ውስጥ ጩኸቱ ሰው አያናግርም፤ በአፍ እንቅስቃሴ ነው የምንግባባ። የተበጠሰ ክር እየቀጠልሁ ከማሽን ማሽን ስዘዋወር ያ ብር ከቆዳዬ ጋር ሞቆ፣ የመንፈስ ነገር ይመስል ደረቴን ይጫነኛል። ባለፈው ቅዳሜ አቶ ዓምደ ሚካኤል ያስተማሩኝን በልቤ ደጋገምሁት። አቶ ዓምደ ሚካኤል ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጥረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል ወይም ይጦማል፤ እሳቸው አሮጌ ሳንቲም ይሰበስባሉ። ሐይቁ ዳር ባለው ቤታቸው ጓዳ፣ በባዶ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ፣ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው፣ ስም አውጥተው፣ ደረጃ ሰጥተው አስቀምጠዋል። ፈረንጆችም ይመጡባቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ በጥቁር ጨርቅ ላይ ሁለት የምኒልክ ብር አጋደሙልኝ፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ የእኔ። ማጉያ መስታወት ሰጡኝና «በይ አንበሶቹን አስተያዪልኝ» አሉ። የእሳቸው አንበሳ ጋማው ልሙጥ ነው፣ ፊቱም የለም ማለት ይቻላል። «ይኼኛው በሰው እጅ ብዛት አልቋል» አልሁ፣ እንዳወቀ ሰው። ሳቁብኝ። «አላለቀም! ሲወለድም እንዲህ ነው። ማኅተሙ ሲመታው በደንብ አልነከሰውም። ምቱ ደካማ ነው። ያለቀና ምቱ የደከመ ለየቅል ነው፣ ልጄ። ያለቀ ብር ከፍ ከፍ ያለው ቦታ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፣ ፀዳሉም ከዚያ ቦታ ይሄዳል። ይኼ ግን ጋማው ባይኖርም ፀዳሉ አለ፤ ተመልከች።» ፀዳል ሲሉ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ፤ ለካ ሰውየው ልጅ ሆነው ዜማ ተምረዋል። ከዚያ የእኔን አነሡ፣ በጠርዝና በጠርዙ ብቻ ይዘው። የአንበሳው ጋማ ጠጉር በጠጉር ይቆጠራል። የዘውዱ መስቀል፣ የንጉሡ ጆሮ፣ ፊደሎቹ ሁሉ ዛሬ የተቆረጡ ይመስላሉ። ወደ መስኮቱ ወስደው ቀስ አድርገው ሲያዘነብሉት፣ ከዚያ ከጥቁረቱ ሥር ብርሃን ተነሣና ብሩን ዞረው። እውነቴን ነው፣ ዞረው። ወዲህ ሲሉት ወዲያ፣ ወዲያ ሲሉት ወዲህ፣ እንደ ጋሪ ጎማ ይሽከረከራል።

«ይኼ ነው ፀዳል» አሉኝ። «ብሩ ሲመታ እንደ ሊጥ ከማኅተሙ ሥር ይፈሳል፤ ሲፈስ ዐይን የማያየው መስመር ይተዋል። አንች ፈትል ታውቂ የለም? እንደዚያ ቀጭን ነው። ብርሃኑ የሚዞረው በዚያ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ከተፋቀ ብሩ ያብለጨልጭ ይሆናል እንጅ ብርሃኑ አይዞርም። ያስመታው ንጉሥ ራሱ ከመቃብር ቢነሣ መልሶ አያመጣው። ጥቁረቱን እንዳትነኪው፤ ልብሱ ነው።» ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው በዚያ በባንክ ጽሕፈታቸው «በምት አንደኛ፣ በፀዳል አንደኛ» ብለው ጻፉ። አታምኑኝም፣ እኔን ራሴን ያሞገሱኝ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። በትምህርት ቤትም፣ በሥራም፣ በትዳርም አንደኛ ተብዬ አላውቅም። ገዥው የፖሊቴክኒኩ ፈረንጅ መምህር ነው፣ ውሉን ጨርሶ ሰኞ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ አራት መቶ ሃምሳ ይሰጣል፤ ሠላሳዋ የእሳቸው። ሂሳቡ ልክክ ነው። ያን ሌሊት በሕልሜ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ አደርሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በር ላይ እንደ ወትሮው ተሰለፍን። ሴቶቹን የምትፈትሸው ጽጌ ናት፤ ጨርቅ ወይም ክር ይዘን እንዳንወጣ ጡታችን ሥር ሳይቀር ትዳስሳለች። እጇ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ይቀላል፤ «ክታብ ነው፣ የማሕፀን በሽታ አለብኝ» አልሁ። «ምነው፣ ባልሽ ሳይኖር ማሕፀን ለምን አስጨነቀሽ?» ብላ ሳቀች፣ ከኋላዬ ያሉትም አብረው ሳቁ። ደሜ ፈላ፣ ግን ዛሬ ጠብ የምፈልግበት ቀን አይደለም። እንዲህ እያልሁ ነበር የምጽናና፦ የሚቀጥለው ወር እናንተ እዚሁ ትደባበሳላችሁ፣ እኔ የለሁም።

በሐይቁ ዳር በሚሄደው መንገድ ሄድሁ። ግንቦት ነው፣ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው። ሁለት ሰዎች ከታንኳቸው ዓሣ እያወረዱ «ቀረሶ በሁለት ብር! ነይ እናት!» አሉኝ። ሐይቁን የሚወድ ብዙ ሰው አለ። እኔ ሳየው አጥር ነው የሚመስለኝ፤ በዚህ በኩል ውሃ፣ በዚያ በኩል ኬላ፣ ኬላው ላይ ይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው። ይለፉን ለእኅቴ ሕመም ብዬ ከቀበሌ አውጥቻለሁ፤ እሱም ውሸት ነው። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃውን ቆሜ አየሁት። የሚሄድ ሰው ቆሞ ያያል። እማማን ማን ያያቸዋል የሚለው ነገር ብቅ ሲልብኝ አባ ያዩአቸዋል፣ እንዲህ ስለ ሚስት ወግ የሚያውቁ ከሆነ የእኅታቸውንም ወግ ይወቁ ብዬ መልሼ ደፈቅሁት።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ጓዳቸውን ጠርገው፣ ጥቁሩን ጨርቅ ዘርግተው፣ ከሁለቱ ወንበር አንዱን ለፈረንጁ ሰጥተው ጠበቁኝ። ፈረንጁ ረጅም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ በአንደበቱ ተንገዳግዶ። ቋጠሮዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። አቶ ዓምደ ሚካኤል እጃቸውን በፎጣ አድርቀው መሀረቡን ፈቱ፣ ከዚያ ሐሩን ፈቱ።

ቤቱ ውስጥ አምፖል የበራ መሰለ። ብሩ ነጭ ሆኗል። ነጭ በነጭ፣ እንደ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት። እኔ ሞኟ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ እንዴት ያምራል አልሁ በልቤ። ከዚያ የአቶ ዓምደ ሚካኤልን ፊት አየሁ። ብሩን አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «ሎሚ» አሉ። «ምን አደረግሽው?» «እኔ? ምንም! ሐሩን እንኳ አልፈታሁም!» ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ አዘነበሉት። ብርሃኑ ባለበት ቆመ። ወዲህ ቢሉት ወዲያ ቢሉት ቆሞ ያብለጨልጫል፣ አይዞርም። በማጉያው አሳዩኝ፤ እርጥብ ወለል በመጥረጊያ ሲጠረግ እንደሚቀረው የብሩን ልሙጥ ሜዳ ሁሉ ጭረት ሞልቶታል። ፈረንጁ በተራው ተቀበለና አየ፤ ብዙ አላየም። ቀስ ብሎ ጨርቁ ላይ አስተኛው። «ታጥቧል» አለ በአማርኛ። ያቺን ቃል የት እንደተማራት እንጃ፤ ጥርት አድርጎ ነው ያላት።

ጠረጴዛውን ያዝሁ። «ምቱ እኮ አለ! ጋማውን ይዩት፣ ይቁጠሩት! በምት አንደኛ ብለው ጽፈው የለም?» አልሁ። እንዴት እንደምለምን እኔ ራሴ ሰምቼ አፈርሁ። «ምቱማ አለ» አሉ ሽማግሌው፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸዋል፣ ስለ ሠላሳ ብራቸው አይመስለኝም። «ምቱን ማን ይወስድበታል? ፀዳሉ ነው የሄደ። ምቱም ያማረ፣ ፀዳሉም ያለ ሲሆን ነው ያ ሁሉ ዋጋ። የታጠበ ብር ከደረጃ ውጭ ነው። አንጥረኛ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ብር ይሰጥሻል፣ ለብርነቱ።» ደብተራቸውን ገልጠው ባለፈው በጻፉት ላይ መስመር አሰመሩበት፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርገው። ፈረንጁ ሃያ አምስት ብር አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ ለምጽዋት እንጅ ለብሩ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አልተቀበልሁም። ብሩን መሀረቤ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ፣ ደህና ዋሉ እንኳ አላልሁ።

ማን እንዳጠበው መጠየቅ አያሻም። በየበዓሉ ዋዜማ የሠፈሩ ሴት ሁሉ የአንገት መስቀሉን የሚያመጣው እማማ አገርነሽ ዘንድ ነው፤ በወንፊት የተነፋ አመድና ሎሚ አድርገው ሲያሹት መስቀሉ እንደ ወተት ይሆናል። በዚህ ስማቸው ይጠራል። እንግዲህ የምራታቸው ብር ቆሽሾ ከፈረንጅ ፊት ሊቀርብ ነው፤ እማማ ዝም ይላሉ? ኤግዚቢሽን ያልሁ እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ «አይነካም ተብሏል» እላቸው ነበር፤ ስለ ዋሸሁ ግን አይነካም ማለት አልቻልሁም። ይኽን ሁሉ አውቄውም ንዴቴ አልበረደም። እንዲያውም ባሰ። ማን ሳጥኔን ይክፈቱ አላቸው? አምስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ሳጥን የእኔ አይሆንም? እስከ ቤት ድረስ የምላቸውን አዘጋጀሁ። ልጅዎ ሞቷል እላቸዋለሁ። ሁላችንም እናውቃለን፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔን ከሬሳ ጋር አሥረው አስቀምጠውኛል፣ አሁን ደግሞ ገመዱን አጠበቁልኝ እላቸዋለሁ። መንገድ ላይ ድምፄን አውጥቼ አልሁት መሰለኝ፣ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ዞራ አየችኝ።

በሩን ገፍቼ ስገባ እማማ የሉም መሰለኝ፤ ከመጋረጃው ወዲህ፣ በእኔ በኩል፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው የክንዱ ሻንጣ ተከፍቶ አለ። ውስጡ ቀሚሶቼ ታጥፈዋል፣ ሹራቤ አለ፣ በላስቲክ የታሰረ ዳቦ ቆሎ አለ። ሚስማሮቹ ባዶ ናቸው። ሊያባርሩኝ ነው አልሁ በልቤ። ያን ሁሉ ንግግሬን ልጀምር ስል እሳቸው ቀደሙኝ። «ሸጥሽው?» አሉኝ።

«ምኑን?» አልሁ። «ኤግዚቢሽን እያልሽ አታድክሚኝ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «የእኅትሽን ደብዳቤ ከፍራሽሽ ሥር አገኘሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ አባን አስመጥቼ አስነበብሁት። እሳቸውማ ዛሬ ጠዋት ሳይቀር ተቆጡኝ፤ እንዴት ዝም ትያታለሽ፣ ነውር ነው ይሉኛል። ሦስት ቀን አሰብሁበት፣ እህል አልበላ አለኝ። ከዚያ እንዲህ አልሁ፦ አገርነሽ፣ የሚመጣው ገንዘቡ ነው እንጅ ልጅሽ አይመጣም። ይኽችን የሰው ልጅ ምን አድርጋሽ ነው ከአንች ጋር የምታስቀብሪያት አልሁ።» እንባቸው ወረደ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ቀጠሉ። «ልሸኝሽ ግን ምን አለኝ? ብሩን ሳጥንሽ ውስጥ አየሁት፣ አመድ መስሎ ጠቁሯል። ይኽን ማን ይገዛዋል አልሁ። በቅሎም ገበያ ስትወጣ ትታጠባለች። አንች ሁለት ቀን ሥራ ስትውይ ቁጭ ብዬ አሸሁት፣ ስድስት ሎሚ ጨረስሁ፤ ጥቁረቱ ስንጥቅ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንቢ ሲለኝ የእንጨት ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ፈተግሁት። መልሼ እንደነበረ በሐሩ ጠቀለልሁት፣ ከእነሱ ፊት ስትፈችው ደስ እንዲልሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አሉ? ዋጋ ጨመሩ?»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውታል። ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው ተሰነጣጥቀዋል፣ ሎሚው በልቷቸዋል። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደሄደ እንጃ። እንዲህ አሰብሁ፦ እውነቱን ብናገር እኒህ ሴትዮ ነገ አይነሡም። ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ቀብረው፣ እኔን በገዛ እጃቸው ሸኝተው፣ ያቺን የከፈቱልኝን አንዲት በር የዘጋችው የራሳቸው ጣት መሆኗን ልንገራቸው? አሁን ተነሥቼ ልሂድ ብልስ በምን እሄዳለሁ? ያለ መኪናው ማኅበሩ አይቀበለኝ፣ ሰኔ አንድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ነው። ለምን ሳትሸጭው መጣሽ ይሉኛል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ ያውም ቶሎ።

«አልሸጥሁትም፣ እማማ» አልሁ። «አራት መቶ ሃምሳ ሊሰጡኝ ነበር። ሲያዩት ዐይናቸው ፈጠጠ። ግን እርስዎን ጥዬ መሄድ... ልቤ አልጨክን አለኝ።»

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ከአልጋው ላይ ተነሡና አንገቴ ላይ ወደቁ፤ ቀላል ሴትዮ ናቸው፣ ያን ያህል ቀላል መሆናቸውን አላውቅም ነበር። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ሂጅ ያልሁሽ ከአንጀቴ መስሎሻል? ከአንጀቴ አልነበረም እኮ! ይኽን ሻንጣ ስሞላ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የዋለ!» እያሉ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔም አቀፍኋቸው። ምን ላድርግ? አለቀስሁ፣ እሳቸውም ስለ እሳቸው የማለቅስ መስሏቸው የበለጠ አለቀሱ። በግማሹ እውነት ነበር፤ ሌላው ግማሽ ስለ ራሴ ነው።

ከዚያ ሻንጣውን ማራገፍ ጀመሩ። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ እያወጡ፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እያቃኑ፣ ወደየሚስማራቸው መለሷቸው። ዳቦ ቆሎውን ፈትተው ሳህን ላይ ገለበጡትና «ብይ፣ ጠዋትም በቅጡ አልበላሽ» አሉኝ። ቆረጠምሁት። ፊታቸው አሥር ዓመት የተቀነሰለት መሰለ፤ ክንዱ የመጣ ዕለት እንኳ እንዲህ የሚሆኑ አይመስለኝም።

«አባ የሳምንት እሑድ ይመጣሉ» አሉ፣ መጨረሻውን ሹራብ እየሰቀሉ። «እነግራቸዋለሁ። ማንም ሳይዛት፣ በሩ ተከፍቶላት፣ በገዛ ፈቃዷ ቀረች ብዬ ነው የምነግራቸው። ለሠፈሩም እነግረዋለሁ።»

«ይንገሯቸው» አልሁ።